ሻንጣዬ መጣ፣ አደራው ቀረ

ወረታ መገንጠያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ሲያልፍ አንድ ቅርንጫፉ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና ዓለም በርን፣ ደብረ ታቦርን፣ ጋይንትን፣ ጋሸናን አልፎ ወልድያ ይገባል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ ነው። ያደግሁት ከዚህ መታጠፊያ ብዙም በማይርቅ ቤት ስለሆነ፣ ስለ ጉዞ መጀመሪያ ያወቅሁት ነገር መኪና ያመለጠው ሰው ምን እንደሚመስል ነው።

ወደ ጎንደር የሚያልፈው አውቶብስ ጎማ ፈንድቶበት ወይም አባይ በረሃ ላይ ሞተሩ ግሎበት ሲመሽ ይገባል። የደብረ ታቦርና የጋይንት መኪና ሄዷል። የወረደው ሰው ጓዙን እግሩ ሥር አድርጎ መጀመሪያ ይቆማል፤ ኋላ ጓዙ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ የጭነት መኪና እንኳ ይመጣ እንደሆነ ወደ መንገዱ ያያል። ገንዘብ ያለው አልጋ ይይዛል። እናቴ ልጅ ያዘለች ሴት እንዲያ ተቀምጣ ካየች ዝም ብላ አታልፍም ነበር፤ «ነይ፣ ሌሊቱን እኛ ዘንድ እደሪ» ትላታለች። እነዚያ እንግዶች እሳት ዳር ቁጭ ብለው የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ድካም አልነበረም። «እነሱ እየጠበቁኝ ነው» ይሉ ነበር። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ ጋይንት ላይ የሚጠብቀው ሰው መኪናው ይገልበጥ፣ ይዘግይ፣ ጭራሽ አይነሣ የሚያውቀው ነገር የለም። እንግዳዋን እንቅልፍ የሚነሣት ይኼ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ እነዚያን ሴቶች ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቆሜ አስታወስኳቸው።

ለአጭር ሥልጠና ቤይሩት ሄጄ ነበር። አዘጋጆቹ ለትኬት ቁርጥ ያለ ገንዘብ ሰጥተው «ከዚህ ያተረፈ ለራሱ ነው» አሉን። የአባቴ ሙት ዓመት ኅዳር 13 ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ማለት አይቻልም፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ በሬውም ተገዝቷል። ስለዚህ የምቆጥበው እያንዳንዱ ዶላር ለድግሱ ነበር። ከቤይሩት አዲስ አበባ በቀጥታ መምጣት እየቻልኩ በአንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ በኩል የሚዞረውን ርካሽ ትኬት ገዛሁ። በመሐል ያለው የትራንዚት ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚያደርሰኝን ደግሞ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ደረሰኝ ቆረጥኩ። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ስላለኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

እኅቴ ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። በመጨረሻው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከአንዲት የፎገራ ልጅ ጋር አገናኘችኝ። ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ የተወለደች፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላት ነው። በእጇ አረብ አገር የሄደ ሁሉ የሚያውቀውን ወፍራም ብርድ ልብስ በዚፕ ላስቲኩ እንዳለ ይዛለች። «እኅቴ፣ ክፈቺውና እዪው፤ ኋላ ኤርፖርት ላይ እንዳትቸገሪብኝ» ብላ ራሷ ዘረገፈችው። ቡናማ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ። በመሐሉ ሁለት ሻሽ፣ አንድ ነጠላ ጫማና በካርቶን መሐል የተደረገ የራሷ ፎቶ። በዚያ ክረምት ውኃው ቤት ገብቶ የእናቷን መኝታ እንዳበላሸው በስልክ ሰምታ ነው የምትልክላት። የሰው አደራ ሳይከፍቱ መቀበል ተቀባዩንም ላኪውንም እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። ይህን ሳልነግራት እሷው ቀድማ ማወቋ አስደሰተኝ። መልሰን አጠፍነው፤ ነጭ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችውና አፉን በሲባጎ ሰፋችው። በላዩ በማርከር ስሜን፣ ስልኬንና «ወረታ» ብዬ ጻፍኩበት። ትኬቴ ሁለት ዕቃ ስለሚፈቅድ ሻንጣዬ አንዱ፣ የእሷ ጭነት ሁለተኛው ሆነ።

ውኃው ቤት የሚገባበትን አገር ያላየ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ጥቂት ልበል። ፎገራ ከጣና በስተምሥራቅ የተነጠፈ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከደጋው የጠረጉትን ደለል ይዘው እዚህ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ያልቃል። ወንዞቹ ከአልጋቸው ይወጣሉ፤ ሐይቁም ሲሞላ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። በሌላው ዓመትም ቢሆን ከሐይቁ አጠገብ ያሉ ቀበሌዎች ሐምሌና ነሐሴን በውኃ ተከበው ያሳልፋሉ። ጤፉ አይሆንም። ለዚህ ነው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያመጡት ሩዝ እዚህ ሥር የሰደደው። ገበሬው አጥብቆ የያዘው ዝርያ «ኤክስ-ጅግና» ይባላል፤ ጅግና በደራ ወረዳ ያለ የቀበሌ ስም ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት። የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይሰማል፤ የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። እንጀራችን ጤፍና ሩዝ ተቀላቅሎበት መጋገር ከጀመረ ቆይቷል። ኅዳር ማለት ታዲያ አጨዳ ነው። በኅዳር የፎገራን ገበሬ ከማሳው ማንሣት ከባድ ነገር መጠየቅ ነው። ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰኞ ሌሊት ከቤይሩት ስንነሣ አውሮፕላኑ ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሃምሳ ሲነሣ የሚቀረውን ሁሉም ያሰላዋል። ያቺን የባሕረ ሰላጤ ከተማ እንደረገጥን ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ደረስኩ። በሩም ከኋላዬ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ግን በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይነገረን ከሁለት ሰዓት በላይ መሬት ላይ ተቀመጥን። ደረስኩ ስል በልቤ የማስበው ራሴን ነው። ዕቃው እንደ ሰው አይሮጥም። ከአንዱ አውሮፕላን ሆድ ይወርዳል፣ በጋሪ ይሄዳል፣ ተጣርቶና ተለይቶ ወደ ሌላው ይጫናል። አራት ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ በቀበቶው ላይ ቶሎ ያልፋል። ማዳበሪያ ግን ወለሉ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ሲባጎው ማሽን ውስጥ ይያዛል፤ ስለዚህ ለብቻው በሰው እጅ ይዞራል። የጭነቱ በር አንዴ ከተዘጋ አውሮፕላኑ ለሰዓታት ቢቆምም ማንም ለአንድ ማዳበሪያ አይከፍተውም።

የአየር መንገዶችን የሻንጣ አያያዝ ለብዙ ዓመታት ስትመዘግብ የኖረችው ሲታ የተባለች ድርጅት ያወጣችው ቁጥር ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአንድ ሺሕ መንገደኛ ወደ 19 ሻንጣ ይዘገይ፣ ይጎዳ ወይም ይጠፋ ነበር። እኔ በተጓዝኩበት እ.ኤ.አ. በ2018 ከ6 ያነሰ ሆኗል። ይሁንና ከሚዘገዩት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሚቀሩት በመሸጋገሪያ ቦታ ነው። ርካሽ ትኬት ደግሞ መሸጋገሪያ የበዛበት፣ ጊዜው የጠበበ ትኬት ነው። የምንቆጥበውን ገንዘብ የምናገኘው ከዚያች ከጠበበችው ሰዓት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል መድረስ የነበረበት አውሮፕላን 3 ሰዓት ከ25 ላይ ቦሌ አረፈ። የባሕር ዳሩ በረራ 5 ሰዓት ነው። ፓስፖርቴን አስመትቼ ወረድኩ። ቀበቶው መዞር ጀምሮ ነበር። ሻንጣዬ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ብቅ አለ። አነሣሁት። ቀጥዬ ማዳበሪያውን ጠበቅሁ። ካርቶን አለፈ፣ ቴሌቪዥን አለፈ፣ የእኔን የሚመስል ሌላ ማዳበሪያ አልፎ ልቤን አስደነገጠው። 4 ሰዓት ሆነ። ቀበቶው ባዶውን ሲዞር ቆይቶ ቆመ።

አሁን ሁለት ነገር ነበር ማድረግ የምችለው። የራሴ ሻንጣ በእጄ ነው፤ የአገር ውስጥ ተርሚናሉም ቅርብ ነው፤ ብሮጥ የባሕር ዳሩ ቼክ-ኢን ሳይዘጋ እደርስ ነበር። ወይም የቀረ ዕቃ የሚመዘገብበት መስኮት ፊት ያለው ሰልፍ ላይ እቆማለሁ። ሰልፉ ላይ አሥራ ሦስት ሰው ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ከአረብ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ ዕቃዋን ስታስረክብ የተቀበለችውን የታግ ወረቀት ጥላዋለች፤ «ምን እንደሚያገለግል መች ነገሩኝ» እያለች ታለቅሳለች። ሌላዋ ተስፋ ቆርጣ ወደ መውጫው እየሄደች ነው። ጓደኛዋ ክንዷን ይዛ መለሰቻት።

ከአዳራሹ አንዴ ከወጡ በኋላ «ዕቃዬ አልመጣም» ማለት ከባድ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የሚሞላው ፎርም «ፒአይአር» ይባላል። ሲሞላ ለዕቃው ዐሥር ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጠዋል። መጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያው ሦስት ፊደል፣ ቀጥሎ የአየር መንገዱ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ አምስት ቁጥር። ብዙዎቹ አየር መንገዶች የሚፈልጉት በአንድ የጋራ ኮምፒውተር መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ ያች መለያ ከሌለች ዕቃው የትም ተቀምጦ ባለቤት የለውም። ይህን ከዚህ ቀደም ከአንድ ባልደረባዬ ሰምቼ ነበር። ሻንጣው የኔ፣ ማዳበሪያው የሰው። የራሴ ዕቃ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሮጬ በረራዬን እይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰልፉ ላይ ቆምኩ።

ተራዬ ሲደርስ 4 ሰዓት ከ50 ነበር። ሠራተኛዋ የሻንጣ ሥዕሎች የተደረደሩበት ሰሌዳ ሰጠችኝና «የትኛውን ይመስላል?» አለችኝ። ለማዳበሪያ የሚቀርበውን ጠቆምኩ። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ብርድ ልብስ፣ ሻሽ፣ ጫማ፣ ፎቶ አልኳት። ልጅቷ ዘርግፋ ባታሳየኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መናገር አልችልም ነበር። ኋላ ሲገኝ ውጪ የተጻፈው ማርከር ተፍቆ ነበርና ዝርዝሩ ጠቅሟል። ፎቶውን ሳስመዘግብ ግን የራሴ ጥፋት ታየኝ። እንዳይታጠፍ ብዬ ብርድ ልብሱ መሐል የመለስኩት እኔ ነኝ። በእጅ ቦርሳዬ፣ በመጽሐፌ መሐል ቢሆን ኖሮ ምንም አይመዝንም ነበር። ሰው ዕቃ ሲያደላድል በኪሎ ያስባል፤ ከባዱን ወዲያ፣ ቀላሉን ወዲህ። ቢቀር የማይተካውን መለየት ነው ፊት የሚገባው።

የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ሄደ። የትኬቱ ገንዘብም አብሮት ሄደ። ከቤይሩት አዲስ አበባ ያለው አንድ ትኬት ስለሆነ፣ መሸጋገሪያው ላይ ቢያመልጠኝ ኖሮ ሌላ በረራ ላይ መጫን የአየር መንገዱ ግዴታ ነበር። የባሕር ዳሩ ግን ለብቻው የተገዛ ነው። ለሻጩ እኔ በሰዓቱ ያልመጣሁ መንገደኛ ነኝ፤ ያዘገየኝ ማን እንደሆነ አይመለከተውም። በአንድ ትኬት ቢሆን ትንሽ ይወደድ ነበር። ያንን ትንሽ ነው ያተረፍኩት።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ደኅና ነሽ? ሌላው ይቅር» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «ለዚያች እናት ምን ልበላት? ዛሬ ትመጪያለሽ ብለን ልከንባት መጥታ እዚህ ተቀምጣለች» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እነዚያ እሳት ዳር የሚቀመጡ ሴቶች ትዝ ያሉኝ።

ሌላ የአውሮፕላን ትኬት ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ረቡዕ ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ነበርኩ። አውቶብሱ ጎሐ ጽዮን ሳይደርስ ፀሐይ ወጣች፤ የአባይን ሸለቆ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ደጀን ወጣን። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ። የኅዳር ሚካኤል ቀን ስለነበር በየመንገዱ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየን። ባሕር ዳር ስገባ 11 ሰዓት ሆኗል፤ የመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች አንዱ ላይ ተሳፈርኩ። ሐሙሲትን አልፈን ጉማራን ስንሻገር ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ያለው መሬት ቢጨልምም ከሽታው አውቀዋለሁ፤ የታጨደ ሩዝ፣ እርጥብ ጭቃና የከብት ጠረን።

በማግሥቱ ለሙት ዓመቱ ከመጡት ሰዎች መሐል ያቺ እናት ነበረች። ከሐይቁ በኩል ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር መጥታለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ በላች፣ ጠጣች፣ ቄሱ ሲያሳርጉ አብራ «አሜን» አለች። ሰው ሁሉ እስኪነሣ ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ጠጋ አለችና፦

«ልጄን በዐይንሽ አየሻት?» አለችኝ።

«አይቻታለሁ፣ እማማ።»

«ከስታለች?»

«አልከሳችም። ደኅና ናት።»

«ፀጉሯስ? ተቆርጣለች ይላሉ።»

አልተቆረጠችም አልኳት። ስለ ማዳበሪያው ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ግን የምለውን ያላመነችኝ መሰለኝ፤ ወይም እንድታምነኝ አጥብቄ ስለፈለግሁ እንዲያ ታየኝ። አደራ በልቷል መባል በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። አውሮፕላን የሚባለው ነገር ሰውን አድርሶ ዕቃውን ሌላ አገር ሊያስቀር እንደሚችል ለማታውቅ ሴት፣ የኔ ሻንጣ ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ የእሷ ልጅ ብርድ ልብስ አለመምጣቱ ምን ይባላል? የታግ ቁራጩን አወጣሁ። ዐሥሩን አኃዝ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። «አንቺው ያዢው፤ እኔ ዘንድ ይረጥባል» አለች።

ለእኅቴ ደውዬ የልጅቷን ፎቶ በኢሞ አስላክሁ። እናትየዋ በሦስተኛው ቀን ስትመጣ አሳየኋት። ስልኩን በክንዷ ርቀት ይዛ ብዙ አየችው፤ ጣቷ ሲነካው ምስሉ እየሸሸ አስቸገራት። «ወረቀቱ ይምጣልኝ» አለች በመጨረሻ።

በእነዚያ ቀናት የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ ይደውላል፣ ይሄዳል። ሕጉን እንዲያነብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመው ስምምነት ለዓለም አቀፍ በረራ ይሠራል፤ ኢትዮጵያም ሊባኖስም ገብተውበታል። ዕቃ በ21 ቀን ውስጥ ካልመጣ ባለቤቱ እንደጠፋ ቆጥሮ መጠየቅ ይችላል። ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ከተረከበበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን፣ ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ካሳው ጣሪያ አለው። የሚሰላው የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት «ኤስዲአር» በሚባል መለኪያ ነው፤ ያኔ ለአንድ መንገደኛ 1,131 ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ 1,519 ሆኗል። ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ጉዳቱን በደረሰኝ ያሳየ፣ በቀኑ የጻፈ እስከዚያ ድረስ ሊያገኝ ይችላል። ቦሌ ሰልፉ ላይ ያየኋቸው ልጆች ግን አንዳቸውም ይህን የሚያውቁ አልመሰሉኝም፤ ሲቀጠሩ የሚሰጣቸው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ውስጥ አንድ ሰዓት ለዚህ ቢመደብ ብዬ እስከ ዛሬ እመኛለሁ። የሁለት ዓመት ደመወዝ በሁለት ሻንጣ ተጭኖ የሚመጣ የነሱ ነው።

በሰባተኛው ቀን ማዳበሪያው አዲስ አበባ ገባ። ጉምሩክ ሳይፈትሸው ስለማይወጣ የአክስቴ ልጅ የፓስፖርቴን ቅጂ፣ የታጉን ፎቶና በእጄ የጻፍኩትን የውክልና ደብዳቤ ይዞ ሁለት ቀን ተመላለሰ። ሥራውን ትቶ ነው። ያንን ማንም ደረሰኝ አይጽፍለትም። ኅዳር 20 ንጋት ላይ ጭነቱን ለጎንደር አውቶብስ ረዳት ሰጠው። በሸራው ሥር፣ ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ። ረዳቱ ስልኬን መዳፉ ላይ በእስኪርቢቶ ጽፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን አይረሳኝም። ረዳቱ ደብረ ማርቆስ ለምሳ ሲቆሙ ደወለ። ዳንግላ ሲደርሱ ደወለ። ባሕር ዳር ሰው ሲያወርዱ ደወለና «እኅቴ፣ አለልሽ፤ በዐይኔ እያየሁት ነው» አለኝ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ስድስት ቀን ሙሉ ስለዚያ ማዳበሪያ በዐይኔ እያየሁት ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። የደወልኩላቸው ሁሉ ትሑት ነበሩ፤ ግን የሚያነቡልኝ ከኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ «ፍለጋው ቀጥሏል» ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም። የዘገየ ዕቃ ላለው ሰው ካሳው ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ፊት የሚፈልገው ያየ ሰው ነው።

እናትየዋ ያን ቀን ከቀትር ጀምራ እኛ ቤት ነበረች። አራተኛ መምጣቷ ነው። ሩዟ ታጭዶ ነዶው ማሳ ላይ ነው፤ ከብት እንዳይገባበት የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ለጎረቤት ልጅ አደራ ብላ መጥታለች። አራት ቀን በኅዳር። ያተረፍኩትን የዶላር ልዩነት በዚያች ሌሊት ደጋግሜ አሰብኩት። የጠፋብኝን ትኬት፣ የአልጋውን፣ የአውቶብሱን ከዚያ ላይ ብቀንስ ምንም አልቀረኝም፤ ይህ የራሴ ሒሳብ ነው፣ ቻልኩት። የአክስቴ ልጅ ቀናትና የዚህች ሴት እግር ግን በኔ ቁጠባ ውስጥ አልተጻፉም ነበር። ማንም አላማከራቸውም፤ ከፈሉ።

ዛሬ ይህ ነገር ከያኔው ይከፋል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በዶላር የሚቆረጥ ትኬት በብር ሲመነዘር ከዕጥፍ በላይ ሆኗል፤ ያመለጠን በረራ መልሶ መግዛት ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። እኔ ያኔ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ የተሳፈርኩበት የየብስ መንገድም ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት እየዘጋው፣ እየከፈተው፣ እንደ ልብ የሚሄዱበት አይደለም። አውቶብሱ ያልፋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው «እንጃ» የሚል መልስ ይሰማል። አሁን ለቀብር እንኳ አውሮፕላን የሚሳፈር አለ፤ ገንዘብ ተርፎት አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ያዝ፣ ቢወደድም ያዝ ማለት የቅንጦት ምክር አይመስለኝም። በመሐል አንድ ሌሊት ማደር የሚችል ይደር። የአደራ ዕቃ ውስጥም ከላይ ካለው በተጨማሪ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይግባ።

አውቶብሱ ወረታ የደረሰው 12 ሰዓት ሲሆን ነው። መገንጠያው ላይ ሆነን አየነው። ረዳቱ መኪናው ገና ሳይቆም ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሸራውን ገለጠ። ከቡና ጆንያ፣ ከፕላስቲክ ወንበርና ከአንድ ብስክሌት መሐል ነጩን ማዳበሪያ ጎትቶ ወደ ታች አቀበለኝ። አንድ ጥጉ ረጥቦ ደርቆ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ጉምሩክ የፈታውን ስፌት የአክስቴ ልጅ መልሶ ሰፍቶታል፤ ስፌቱ የሱ መሆኑን አውቄዋለሁ፣ ወጣ ገባ ነው። ከሲባጎው ሁለት ታግ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ከቤይሩት ስንነሣ የታሰረው፤ ሌላው መሸጋገሪያው ላይ ሲገኝ በአስቸኳይ እንዲላክ የተለጠፈበት።

ቤት ወስደን እንክፈተው አልኳት። አልፈለገችም። «እዚያው ከልጆቹ ጋር» አለች። ከደጃችን የታሰረች አህያ ነበረቻት፤ የጎረቤቷ ልጅ አብሯት መጥቷል። መሽቷል፣ እደሩ አልናቸው። ነዶው ሜዳ ላይ ነው አለችን። ማዳበሪያውን ሲጭኑ የታጎቹ ወረቀት እያስቸገረ ስለነበር ምላጭ አምጥቼ ልቆርጣቸው ጎንበስ አልኩ።

«ቆይ ቆይ» አለችኝ። «ይሄ ምንድን ነው የሚል?»

«የመጣበትን አገር ነው። ይሄኛው ልጅዎ ካለችበት ሲነሣ የታሰረ ነው፤ ይሄኛው ኋላ መንገድ ላይ።»

«እንግዲያስ የመንገዱን ቁረጪው።»

የመንገዱን ቆረጥኩ። ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ጥርጊያ ይዘው ሄዱ። ሩዙ በተነሣለት ማሳ ላይ ከሥሩ የተዘራው ጓያ መብቀል ጀምሮ ነበር፤ በዚያ መሐል አህያዋ ስትራመድ ነጩ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ሲል እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየኝ።